አድማጭ ያጣው ምስክርነት፦ ማርጎት ፍሪድሌንደር ከጦርነቱ በኋላ

እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2025 በርሊን ውስጥ አንዲት የ103 ዓመት አዛውንት አረፉ። ማርጎት ፍሪድሌንደር ይባላሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ያበቃበት 80ኛ ዓመት በተከበረ ማግስት ነበር። በዚያው ዕለት ከጀርመኑ ፕሬዚዳንት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር እጅ ከፍ ያለ የክብር ሽልማት ሊቀበሉ ቀጠሮ ነበራቸው። ከሁለት ቀን በፊት እንኳ በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ሕዝብ ፊት ቀርበው ተናግረዋል። በርሊን አይሁዳዊት በመሆናቸው ብቻ ያሳደደቻቸው ከተማ ናት። በመጨረሻ የክብር ዜጋዋ ሆነው በእሷው አፈር ተቀበሩ።

ዜናው እንደተሰማ አንድ ጥያቄ በየቦታው ተደጋገመ። ከሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ ከፈጸሙት ጭፍጨፋ፣ የተረፉት ሰዎች ካለቁ በኋላ ማን ይመሰክራል? ጥያቄው ጊዜው ደርሷል። ለተራፊዎቹ ካሳ የሚከራከረው ክሌምስ ኮንፈረንስ የተባለው የአይሁዳውያን ድርጅት በ2025 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ዙሪያ በሕይወት ያሉት ከ220,000 ትንሽ እንደሚበልጡ ገልጿል። ግማሽ ያህሉ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ 70 በመቶው ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ እንደሚያልፉ ይገምታል። አብዛኞቹ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። እንደ ማርጎት በአዋቂ ዓይን ያየ፣ በራሱ ውሳኔ የሸሸና የተደበቀ ሰው ከእንግዲህ ብዙ አናገኝም።

እኔን ግን የማርጎትን ሕይወት ሳነብ ይበልጥ የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ 23 ዓመታቸው ነበር። ታሪካቸውን በአደባባይ መናገር የጀመሩት ከ80 ዓመታቸው በኋላ ነው። መሃል ላይ ወደ 60 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። ምስክሯ በሕይወት አሉ፣ ትዝታው ትኩስ ነው። ታዲያ አፋቸውን ምን ያዘው? እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ የካምፑ በር የተከፈተ ዕለት ያለቀ ይመስለናል። የማርጎት ታሪክ ግን አብዛኛው ክፍሉ ከዚያ በኋላ ነው ያለው። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቪዛ ያጣ ቤተሰብ

ማርጎት በ1921 በርሊን ውስጥ ተወለደች። የአባቷ ስም ቤንድሃይም ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ 11 ዓመቷ ነበር። ልብስ መሥራት ትወድ ስለነበር የፋሽን ሥዕል ተማረች። በ1935 የወጡት የኑረንበርግ ሕጎች አይሁዳውያንን ከዜግነት መብታቸው አራቋቸው። በኖቬምበር 1938 በአንድ ሌሊት ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተሰባበሩ። ወደ 30,000 የሚጠጉ ወንዶች ተይዘው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ።

ለምን ቀደም ብለው አልሸሹም? ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። በየኤምባሲው ደጅ የጠና ሰው ግን መልሱን ሳይነገረው ያውቀዋል። በጁላይ 1938 የ32 ሀገራት ተወካዮች ፈረንሳይ ውስጥ ኤቪያን በምትባል ከተማ ተሰብስበው ስለ አይሁዳውያን ስደተኞች መከሩ። ብዙ የሐዘኔታ ንግግር ተደረገ። ብዙ ሰው እቀበላለሁ ያለችው ግን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ነበረች። የአሜሪካ ኮታ ለጀርመንና ለኦስትሪያ በአንድ ላይ በዓመት 27,370 ሰው ነበር። በ1939 ተራ የሚጠብቀው ሰው ከ300,000 አለፈ። የማርጎት እናት አውጉስተ ሁለት ልጆቿን ይዛ ለመውጣት ብዙ ሞከረች፤ አልሆነም። አባትየው ከእናቷ ተፋትቶ ወደ ቤልጂየም ሸሽቶ ነበር። እሱም አላመለጠም፤ በ1942 ናዚዎች በያዟት ፖላንድ ውስጥ ባቋቋሙት የግድያ ካምፕ፣ አውሽቪትዝ ውስጥ ተገደለ።

በሴፕቴምበር 1941 ጀርመን ውስጥ ያሉ አይሁዳውያን ደረታቸው ላይ ቢጫ ኮከብ እንዲሰፉ ታዘዙ። በኦክቶበር ከሀገር መውጣት ተከለከለ። በዚያው ወር ሰው የጫኑ ባቡሮች ከበርሊን ወደ ምሥራቅ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ማርጎት በዚህ ጊዜ የጦር መሣሪያ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ በግዳጅ ትሠራ ነበር።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1943

እናት፣ ማርጎትና የ17 ዓመቱ ወንድሟ ራልፍ ከበርሊን ለማምለጥ እየተዘጋጁ ነበር። ያን ዕለት ማርጎት ወደ ቤቷ ስትመለስ ደጃፉ ላይ አንድ የማታውቀው ሰው ቆሟል። ኮከቡን በቦርሳዋ ሸፈነች። እንግዳ መስላ በአጠገቡ አልፋ ደረጃውን ወጣች። ወደ ቤታቸው አልገባችም፣ ጎረቤት ጋር አንኳኳች። የናዚ ሚስጥራዊ ፖሊስ የሆነው ጌስታፖ ራልፍን ወስዶት ነበር።

እናቷ በሰዓቱ ቤት አልነበረችም። መደበቅ ትችል ነበር። እሷ ግን በገዛ እግሯ ሄዳ እጇን ሰጠች፤ ልጇን ብቻውን አልሰድም ብላ። ለማርጎት የእጅ ቦርሳዋንና አንድ መልእክት በሰው በኩል ተወችላት። ቦርሳው ውስጥ የአድራሻ ደብተርና የአምበር ሐብል ነበር። መልእክቱ ከራልፍ ጋር ወደሚወስዱት ለመሄድ መወሰኗን ይናገራል። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይከተላል፦ «ሕይወትሽን ለማቃናት ሞክሪ።»

ሁለቱም አውሽቪትዝ ተወስደው ተገደሉ። ማርጎት ሐብሉን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አንገቷ ላይ አድርጋው ትታይ ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ይህች እናት እንደ ጀግና ብቻ ትነሳለች፤ ነችም። ግን በ21 ዓመት ልጅ ጫማ ሆነን እንየው። እናትሽ በሁለት ልጆቿ መካከል መምረጥ ነበረባት። የተያዘውን መረጠች። አንቺን አምናብሽ ትታሽ ሄደች። ይህ ፍቅር ነው፤ ጠባሳም ነው። ማርጎት ከዚያ በኋላ የኖረችው 82 ዓመት በሙሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዛ ነው። አደራ ከሟች ሲመጣ መልሶ መስጠት አይቻልም።

ከተማ ውስጥ መደበቅ

ኮከቡን ከልብሷ አወጣች። ፀጉሯን ቀይ ተቀባች። አንገቷ ላይ መስቀል አሰረች። አፍንጫዋን ሳይቀር በቀዶ ሕክምና አስቀየረች። የናዚ ጋዜጦች «የአይሁድ ፊት» እያሉ ከሚሥሉት ምስል የሚያመሳስላት ነገር እንዳይኖር ነው።

በርሊን ውስጥ በዚህ መልኩ የተሸሸጉት አይሁዳውያን ወደ 7,000 ይጠጉ ነበር። ራሳቸውን «ሰርጓጅ መርከቦች» ብለው ይጠሩ ነበር። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ የዘለቁት 1,700 ያህሉ ብቻ ናቸው። ለምን ይህን ያህል ከባድ ሆነ ቢባል፣ ነገሩ ሁሉ ከዳቦ ይጀምራል። ምግብ የሚገኘው በራሽን ካርድ ነው። ካርዱ በስም ነው የሚሰጠው። በመዝገብ የሌለ ሰው ካርድ የለውም። ስለዚህ አንድ የተደበቀ ሰው ያስጠጋ ቤተሰብ ከራሱ ጉርሻ ላይ ነው የሚቀንሰው፤ ያውም ራሽኑ ራሱ ከወር ወር እያነሰ። ቀጥሎ ጎረቤት አለ። ባለቤቶቹ ሥራ ሲሄዱ ቤቱ ባዶ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ መራመድ የለም፣ ውሃ መክፈት የለም፣ ሽንት ቤት መጠቀም የለም። የአየር ድብደባ ሲመጣ ደግሞ ሕንጻው በሙሉ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። የተደበቀው ሰው ከወረደ «ይሄ ማነው?» ይባላል። ካልወረደ ቦምቡን ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ የችግረኛን ሁኔታ አይተው ገንዘብ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር የሚጠይቁ ነበሩ።

ማርጎት እንዲህ ሆና 15 ወር ቆየች። በዚህ ጊዜ ውስጥ 16 ሰዎች ረድተዋታል፤ አይሁዳውያን ያልሆኑ ጀርመኖች። ሲያዙ የሚመጣባቸውን ያውቁ ነበር። ኋላ ላይ በየትምህርት ቤቱ ስትናገር እነዚህን ሰዎች ሳታነሳ አታልፍም ነበር፤ ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ጀርመኖች «ምን ማድረግ ይቻል ነበር?» ይሉ ነበር። የእነዚያ 16 ሰዎች መኖር ለዚህ መልስ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበራት ከተማ ውስጥ፣ አንዲት ልጅን ለ15 ወር ለማቆየት 16 ሰው በቂ ሆኗል።

በኤፕሪል 1944 ከአየር ድብደባ መጠለያ ወጥታ ስትሄድ ሁለት ሰዎች አስቆመው መታወቂያ ጠየቋት። ለጌስታፖ የሚሠሩ አይሁዳውያን ነበሩ። ጌስታፖ «እናንተንና ቤተሰባችሁን አንልክም» እያለ የተደበቁትን ያሳድናቸው ነበር። ይህን ማንሳት ደስ አይልም። ግን አፈናው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደዘለቀ የሚያሳየው እንዲህ ያለው ነው፤ ተጠቂውን ከተጠቂው ላይ እስከማሰማራት። ማርጎት ወደ ጣቢያ ሲወስዷት ራሷ «አይሁዳዊት ነኝ» አለች።

ቀለም የተቀባ ካምፕ

የተላከችው በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ወደሚገኘው ተሬዚየንሽታት ነው። የደረሰችው በጁን 1944 ነው። በዚያው ወር 23ኛ ቀን የቀይ መስቀል ተወካዮች ካምፑን ጎበኙ። ናዚዎች አስቀድመው ቤቶቹን ቀለም ቀቡ፣ አበባ ተከሉ፣ የሙዚቃ ዝግጅት አቀናበሩ። መጨናነቁ ለዓይን እንዳያስጠላ ደግሞ ከጉብኝቱ በፊት ወደ 7,500 ሰው ጭነው ወደ አውሽቪትዝ ላኩ። እንግዶቹ ያሳዩአቸውን አይተው ሄዱ። ወደዚህ ካምፕ ከገቡት 140,000 ያህል አይሁዳውያን ወደ 33,000 የሚጠጉት እዚያው በረሃብና በበሽታ ሞቱ። ወደ 90,000 የሚጠጉት ወደ ምሥራቅ፣ አብዛኞቹ ወደ ሞት ተላኩ።

ማርጎት ካምፑ ውስጥ አዶልፍ ፍሪድሌንደርን አገኘች። ከበርሊን፣ ከአይሁዳውያን የባህል ማኅበር ታውቀው ነበር። ሁለቱም ቤተሰባቸውን አጥተው ብቻቸውን ቀርተዋል።

ስለ እናቷና ስለ ወንድሟ ግን ገና ተስፋ ነበራት። በ1945 የጸደይ ወራት የሶቪየት ጦር እየገፋ ሲመጣ ናዚዎች የምሥራቁን ካምፖች እያፈረሱ እስረኛውን ወደ ኋላ ይነዱት ጀመር። ተሬዚየንሽታት ላይ ባቡሮች ደረሱ። በሩ ሲከፈት የሚወርዱት ሰዎች አጥንትና ቆዳ ናቸው። ከመሃላቸው ብዙዎቹ ሞተዋል። ማርጎት ስለ አውሽቪትዝ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። እናቷና ራልፍ እንደማይመለሱም ቁርጧን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

መርዶ ነጋሪ አልመጣም። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ የሞቱበትን ቀን የሚያውቅ ሰው የለም። አብሮ የሚያለቅስ ዘመድም የለም፤ ዘመድ የተባለ ሁሉ አልቋል። ሐዘን በሥርዓቱ ካልወጣ ምን እንደሚሆን እኛ ጋ ሁሉም ያውቃል። እርማቸውን ሳያወጡ የቀሩ በመቶ ሺዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ይህን እንደ ቁስል የቆጠረው ሰው ጥቂት ነው።

ነጻ የወጣ ሰው የት ይሄዳል?

ማርጎትና አዶልፍ ነጻ በወጡ በሳምንታት ውስጥ፣ በጁን 1945 እዚያው ካምፕ ውስጥ ተጋቡ። በተራፊዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ፈጣን ጋብቻ ብዙ ነበር። ለብዙዎቹ ብቻ ላለመሆን ያላቸው መንገድ ይኸው ነበር።

ወደ ቤት መመለስ የሚባል ነገር ለአብዛኞቹ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል። ፖላንድ ውስጥ በጁላይ 1946 ኪየልትሰ በምትባል ከተማ ከጦርነቱ የተረፉ አይሁዳውያን ላይ ሕዝብ ተነስቶ 42 ሰው ተገደለ። ጦርነቱ ካለቀ ዓመት አልፎታል። ይህ ሲሰማ ብዙ ሺህ ሰው እንደገና ሸሸ። ወዴት? ወደ ጀርመን፤ የአሜሪካ ጦር ወዳለበት። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሩብ ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁዳውያን በጀርመን፣ በኦስትሪያና በጣሊያን በስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነበሩ። አንዳንዱ ካምፕ ትናንት ማጎሪያ ወይም የጦር ሰፈር የነበረ ነው። የመጨረሻው፣ ባቫሪያ ውስጥ ያለው ፈረንቫልድ፣ የተዘጋው በ1957 ነው። ከ«ነጻነት» በኋላ 12 ዓመት ማለት ነው።

ማርጎትና አዶልፍ ዕድላቸው የተሻለ ነበር። በ1946 ኒው ዮርክ ገቡ። እሷ ልብስ ሰፊ ሆነች፣ ኋላም የጉዞ ወኪል ሆና ሠራች። እሱ በከተማዋ በታወቀ የአይሁዳውያን የባህል ማዕከል ውስጥ ሥራ አገኘ።

ሆድ ይፍጀው

ዝምታው የሚጀምረው እዚህ ነው። ሁለቱም ያዩትን ያውቃሉ፤ ስለዚህ እርስ በርስ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ አይጠይቅም። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ለመጤ የሚሰጠው ምክር ያለፈውን ተወው፣ ወደፊትህን እይ የሚል ነበር። ቅን ምክር ነው፤ ግን አፍ ያዘጋል። «ስለ ሆሎኮስት የተረፉት አውርተው አያውቁም» ሲባል እሰማለሁ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በየስደተኛ ካምፑ በ1945 እና በ1946 ብዙዎች ያዩትን ጽፈዋል፣ ተናግረዋል፣ አስመዝግበዋል። የጠፋው አድማጭ ነው።

ጀርመን ውስጥ የነበረው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። የኑረንበርግ ሕጎችን የሕግ ማብራሪያ ከጻፉት አንዱ የሆነው ሃንስ ግሎብከ ከ1953 እስከ 1963 የምዕራብ ጀርመን ጠቅላይ ሚኒስትር ኮንራድ አደናወር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር። ይህን ስታነብ ተራፊዎቹ ወደ ጀርመን ቢሮዎች ማመልከቻ ሲልኩ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ትገምታለህ።

ካሳው ራሱ መታየት አለበት። በሴፕቴምበር 1952 በሉክሰምበርግ በተፈረመ ስምምነት ምዕራብ ጀርመን ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ፣ ለክሌምስ ኮንፈረንስ ደግሞ 450 ሚሊዮን ማርክ ለመክፈል ተስማማች። በግለሰብ ደረጃ የሚከፈለው በሌላ ሕግ ነው። ሕጉ «የነጻነት መነፈግ» ይለዋል፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር 150 ማርክ። አሥር ወር ካምፕ የቆየ ሰው 1,500 ማርክ ያገኛል። ኮከብ አድርጎ የኖረበትና ተደብቆ የኖረበት ጊዜም በወር ይቆጠራል። ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ከማስረጃ ተደብቆ የኖረ ሰው ማስረጃ ከየት ያመጣል?

ከዚህ የባሰው የጤናው ነው። በቅዠት ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ፣ ሥራ መሥራት ያቃተው ሰው ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ «ይህ ከተፈጥሮው የመጣ ነው እንጂ ከካምፑ አይደለም» ብሎ ይጽፋል። ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ኩርት አይስለር የሚባል በኒው ዮርክ የሚኖር የሥነ ልቦና ሐኪም በ1963 ንዴቱን በጥያቄ መልክ ጽፎታል፤ አንድ ሰው ምንም ሳይታመም የስንት ልጆቹን መገደል ቢሸከም ነው ጤናማ ተፈጥሮ አለው የሚባለው ብሎ። እንደ እሱ ስደተኛ የነበረው የሥራ ባልደረባው ዊልያም ኒደርላንድ ደግሞ በ1960ዎቹ ለዚህ ሕመም ስም አወጣለት፤ የተራፊዎች ሕመም አለው። አንዱ ምልክቱ ጸጸት ነው፤ እነሱ ሞተው እኔ ለምን ቀረሁ የሚል። ዛሬ ስለ ጦርነት ጠባሳ የምናወራበት ቋንቋ በከፊል የመጣው ከነዚህ የካሳ ፋይሎች ነው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተቀየረ። በ1961 ኢየሩሳሌም ውስጥ አይሁዳውያንን ወደ ሞት ካምፖች ማጋዙን ያቀናበረው የናዚ ባለሥልጣን አዶልፍ አይሽማን ሲከሰስ ከ100 በላይ ምስክሮች ቆመው ተናገሩ፤ ዓለም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሰማቸው። ከ1963 ጀምሮ ፍራንክፈርት ውስጥ የአውሽቪትዝ ጠባቂዎች ችሎት ፊት ቀረቡ። ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ማርጎት ኒው ዮርክ ውስጥ ዝም እንዳሉ ነው። ባለቤታቸው ወደ ጀርመን መመለስ የሚባል ነገር መስማት አይፈልጉም ነበር።

አዶልፍ በ1997 አረፉ። ማርጎት ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው ይሠሩበት በነበረው ማዕከል ለአረጋውያን የሚሰጥ የትዝታ ጽሕፈት ትምህርት ተመዘገቡ። የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ የጀመሩት እዚያ ነው። እርሳስ ይዞ የተቀመጠ፣ እስኪ አንብቢልን የሚል ሰው የተገኘው በ70ዎቹ ዕድሜያቸው መሆኑ ያሳዝነኛል።

ወደ በርሊን

በ2003 የበርሊን ከተማ አስተዳደር ጋበዛቸው። ከጦርነቱ ወዲህ በርሊንን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። በ2010፣ በ88 ዓመታቸው፣ ኒው ዮርክን ትተው ጠቅልለው በርሊን ገቡ። ብዙ ወዳጆቻቸው አልገባቸውም። የጀርመን ዜግነታቸውም ተመለሰላቸው። የጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 116 ናዚዎች ዜግነታቸውን የነጠቋቸው ሰዎች ሲጠይቁ እንዲመለስላቸው ያዛል። ችሮታ አይደለም፤ የተሰረቀ ዕቃ መመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው 15 ዓመት ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ የጻፉትን ታሪካቸውን ያነብባሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ። በጃንዋሪ 2022 በአውሮፓ ፓርላማ ተናገሩ። በ2024 የጀርመን ቮግ መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣቸው፤ 102 ዓመታቸው ነበር። ለልጆቹ የሚሉት አጭር ነው። «ሰው ሁኑ» ይሉ ነበር። ክርስቲያን ደም፣ እስላም ደም፣ አይሁድ ደም የሚባል የለም፣ ያለው የሰው ደም ብቻ ነው ይሉ ነበር።

አንዳንዱ ጸሐፊ ይህን «ይቅርታ» ብሎ ጠራው። እኔ አይመስለኝም። ማርጎት የሞቱትን ወክለው ይቅር አላሉም፤ ያን ማድረግ የሚችል ሕያው ሰው የለም። ያደረጉት ሌላ ነው። ለገዳዮቹ የልጅ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ጥያቄ አቀረቡ፦ እኛ ከእንግዲህ ብዙ መቆየት አንችልም፣ እናንተ ምስክር ሁኑልን አሉ። ይህ ይቅርታ ከማድረግ የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ ሰሚውን ሥራ ይሰጠዋል።

ጥያቄው የደረሰበት ዘመን ቀላል አይደለም። በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ የቀኝ አክራሪው የአማራጭ ለጀርመን ፓርቲ 20.8 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ጀርመን ውስጥ ፀረ አይሁድ ጥቃትና ትንኮሳ የሚመዘግበው ተቋም በ2024 ብቻ ከ8,600 በላይ ክስተት መዝግቧል። ማርጎት ስለ ዘመኑ ሲጠየቁ ያኔም የጀመረው እንዲህ ነበር ይሉ ነበር። ከሳቸው አፍ ሲወጣ ይህ ማጋነን አይደለም፤ የጎረቤት ሰላምታ ሲቀር ምን እንደሚከተል በዓይናቸው ያዩ ናቸው።

የምስክርነቱ ወራሽ ማነው የሚለው ነገር እኛንም ይነካል። ማርጎት ይገቡባቸው የነበሩ የበርሊን ክፍሎች ውስጥ አያቶቻቸው ጀርመን ያልነበሩ ልጆች ሞልተዋል። የቱርክ፣ የሶሪያ፣ የኤርትራ፣ የኢትዮጵያ ልጆች። ጀርመን የሚኖር ሀበሻ ዜግነት ሲጠይቅ 33 ጥያቄ ይቀርብለታል፤ 17ቱን መመለስ አለበት። ስለ ናዚ ዘመንና ስለ አይሁዳውያን መጨፍጨፍ የሚጠይቁ አሉበት። መልሱን ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል። ግን «ይህ የጀርመኖች ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» ማለት ስህተት ይመስለኛል። ሰው በዘሩና በእምነቱ ሲቆጠር፣ ከመዝገብ ሲሰረዝ፣ ጎረቤት ሲጠቁም ምን እንደሚመስል የእኛም ሰው ያውቃል። ነግ በኔ የሚል ሕዝብ ነን። ማርጎት ያቀረቡት ጥያቄ የዘር ሐረግ አይጠይቅም።

የቀሩትን ተራፊዎች በተመለከተ ቴክኖሎጂ ብዙ ሞክሯል። ከ1994 ጀምሮ በአሜሪካ ያለ ተቋም ከ55,000 በላይ ምስክርነት በቪዲዮ ቀርጿል። አሁን ደግሞ ቀድሞ የተቀረጸ ተራፊ በስክሪን ላይ ሆኖ ጥያቄ የሚመልስበት ዘዴ አለ። ጠቃሚ ነው። ድምፁም ፊቱም የእውነተኛ ሰው ነው። ግን ያልተጠየቀውን ጥያቄ መመለስ አይችልም። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ የሚያስጨንቀው ነገር ቀረጻው ሲካሄድ ማንም ያላሰበው ሊሆን ይችላል።

እስራኤል ውስጥ ከ2011 ወዲህ የተስፋፋ አንድ ልማድ አለ። በሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ዋዜማ ሰዎች ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ጎረቤትና ወዳጅ ይሰበስባሉ። አንድ ተራፊ ይጋብዛሉ። መድረክ የለም፣ ማይክሮፎን የለም። ሻይ ይቀርባል፣ ሰውየው ያወራል፣ ሌላው ይጠይቃል። ማስተናገድ የፈለገ ተመዝግቦ ሳሎኑን ይከፍታል፤ ሌላ መስፈርት የለውም። የተራፊዎቹ ግማሽ ያህል የሚኖሩት እዚያው ሀገር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብም እዚያው ጎረቤታቸው ነው። ማርጎት በኒው ዮርክ ለ50 ዓመት ያላገኙት ይህን ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው። በ2025ቱ ጥናት ግምት መሠረት ይህን ማድረግ የሚቻለው ከእንግዲህ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።